ደቦ በአውሮፕላን

ዩጋንዳ ልሄድ መሆኔን ለእናቴ ስነግራት ሱቋ ውስጥ ሳሙና እየደረደረች ነበር። ሱቅ የምንለው ካዛንቺስ የነበረውን የቀበሌ ቤታችንን የፊት መስኮት ነው። መስኮቱን አስፍታ መደርደሪያ አስገባችበትና ሻማ፣ ሳሙና፣ ሽንኩርትና የሰፈሩን ወሬ ታቀርብበት ነበር። ወሬው በነጻ ነው።

“ምን ልትሸጥ ነው የምትሄደው?” አለችኝ። የጉራጌ ሴት ናት። ሰው ከቤቱ ርቆ የሚሄደው ወይ ሊነግድ፣ ወይ ሊያገባ፣ ወይ ለመስቀል ነው ብላ ታምናለች።

“ልሸጥ አይደለም። ቤት ልሠራ ነው።”

ሳሙናውን አስቀመጠችው። ፊቷ ቦግ አለ። “ቦታ ገዛህ?”

“የእኔ ቤት አይደለም እማ። ገጠር ያለ የአንድ ድሃ ቤተሰብ ቤት ነው። በበጎ ፈቃድ ሄደን እንሠራላቸዋለን። ከቢሮ ስምንት ነን።”

“ማነው የሚሠራው?”

“እኛ ነና።”

“አንተ? በእጅህ?”

“በእጄ።”

ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ ጠፋና ሳቅ መጣ። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ሻማ ሊገዛ የመጣውን ጎረቤታችንን “ስማ፣ ስማልኝ! ይሄ ልጅ ደቦ ሊወጣ ነው፤ በአውሮፕላን!” አለችው። እሱም ሳቀ። ከዚያ እናቴ በአገጯ ወደ ክፍሉ ጥግ አመለከተችኝ። ጣሪያችን እዚያ ጋ ያፈሳል፤ ክረምት ከበጋ ሰማያዊ ባልዲ ተቀምጦበታል። “የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች” አለችና ወደ ሳሙናዋ ተመለሰች።

ለጣሪያው ሁልጊዜም ምክንያት ነበረኝ። የቀበሌ ቤት ለማደስ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃድ ለማግኘት ማመልከቻ ያስፈልጋል። ማመልከቻ ለመጻፍ ጊዜ ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ በሥራዬ ቀኑን ሙሉ የምጽፈው ማመልከቻና ሪፖርት ነው፤ ለእናቴ የሚተርፍ ዓረፍተ ነገር አልነበረኝም።

ቢሯችን ኡራኤል አካባቢ ነበር፤ አራተኛ ፎቅ። ድሆችን ከሚረዱት ብዙ ድርጅቶች አንዱ ነን። የእኔ ድርሻ ስለተረዱት ሰዎች በሚያምር እንግሊዝኛ መጻፍ ነው። ዳይሬክተራችን “አንቺ በሉኝ” የምትል ዘመናዊ አለቃ ናት። አንድ ጊዜ ውጭ አገር ለስብሰባ ሄዳ ስትመለስ ሁላችንንም አዳራሽ ሰበሰበችን።

“እስከ ዛሬ ፈረንጅ እየመጣ ቤት ሲሠራልን ኖረ” አለች። “አሁን ተራው የእኛ ነው። አፍሪካዊ ለአፍሪካዊ!”

አጨበጨብን። ከኋላ ተቀምጦ የነበረው የቢሯችን ሾፌር እጁን አወጣ። “ማለቴ፣ ቤት መሥራት ከሆነ እዚሁ ከኡራኤል ቁልቁል ግድግዳው የወደቀበት ሰው አለ። በእግር አሥር ደቂቃ ነው።”

ዳይሬክተራችን በርኅራኄ አየችው። “በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ከኮምፈርት ዞናችን መውጣት አለብን።”

ሾፌሩ ከተመራጮቹ ዝርዝር ውስጥ አልገባም። በነገራችን ላይ፣ ከሁላችን ቤት ሠርቶ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።

ምርጫው በጽሑፍ ውድድር ስለነበር እኔን የሚያሸንፍ አልነበረም። “ከልጅነቴ ጀምሮ ግንባታ ይማርከኝ ነበር” ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አይደለም። ካዛንቺስ ያደገ ሰው ጎኑ ላይ ፎቅ ሲበቅል እያየ ነው የሚያድገው። ብቻ አንድም ቀን አካፋ ይዤ አላውቅም። ለመስቀል አገር ቤት ስንወርድ እንኳ የአጎቴ አጥር ወድቆ ሰው ሁሉ ሲረባረብ እኔ ፎቶ ነበር የማነሳው።

ከመሄዳችን በፊት ቅዳሜ ቀን ካዛንቺስ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሥልጠና ተሰጠን። አሠልጣኙ በቡድን ከፈለንና ካልተቀቀለ ስፓጌቲና ከፕላስተር ፎቅ እንድንሠራ አዘዘን። የእኛ ቡድን ፎቅ ሦስት ጊዜ ወደቀ። አሠልጣኙ “መውደቅ ራሱ መማር ነው” አለን። ሁላችንም በማስታወሻችን ላይ ጻፍነው። አሁን ሳስበው፣ ቤት ሊሠራ ለሚሄድ ሰው ይህን መንገር ትልቅ ድፍረት ነው። በመጨረሻም ጀርባው ላይ “በፍቅር እንገነባለን” የሚል ቢጫ ቲሸርት ታደለን። ከሰው ኃይል ክፍል የነበረችው፣ ቡልጋሪያ ሰፈር የምትኖረው ባልደረባዬ በዚህ አልበቃትም። መርካቶ ወርዳ የግንባታ ባርኔጣ ገዛች፤ ነጭ፣ መሐንዲሶች የሚያደርጉትን ዓይነት። ከዚያን ቀን ጀምሮ “ኢንጂነር” አልናት።

እናቴ የሸኘችኝ በብርድ ልብስ ነው። ነብር ያለበት፣ ቀይ፣ ወፍራም፣ ሁለት ሰው የሚያለብስ። “ባዶ እጅህን የሰው ቤት አትገባም” አለች።

“እማ፣ እዚያ አገር ይሞቃል።”

“ሙቀት ያልፋል፤ ብርድ ልብስ አያልፍም።”

ዩጋንዳ ገብተን ከከተማ ወጥተን ረጅም መንገድ ሄድን። አፈሩ ቀይ ነው፣ ሌላው ሁሉ ሙዝ ነው። ሰፈሩ ስንደርስ ሴቶቹ እየዘፈኑ ተቀበሉን፤ እኛም እስክስታ ወረድን። የዚያ አገር አስተባባሪ፣ ፋይል የታቀፈ ደስ የሚል ወጣት፣ ወደ አንድ ማንጎ ዛፍ ወስዶ “ተጠቃሚዎቹ እነዚህ ናቸው” አለን። ባልና ሚስት ናቸው፤ ሁለት የልጅ ልጆች ያሳድጋሉ። የጭቃ ቤታቸው ግማሹ በዝናብ ወድቋል። ሰውየው ወደ ስድሳው የተጠጉ፣ ዳሌያቸው ተሰብሮ በምርኩዝ የሚሄዱ ሽማግሌ ነበሩ። የፕላስቲክ ወንበር ተሰጥቷቸው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። አስተባባሪው “እንዳይቸገሩ፣ እንዳይነሱ፣ በቃ ዝም ብለው ይዩ” ብሎ አዘዘ።

መሠረቱ እኛ ከመድረሳችን በፊት ወጥቶ አልቋል። የቀረው የሸክላ ጡብ ግድግዳ ነው። ሁለት የሰፈሩ ግንበኞች “እንዲያግዙን” ተመድበው ነበር።

በመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ ጡብ አስቀመጥኩ። ሲሚንቶው ጡቡ ላይ ካረፈው ይልቅ ጫማዬ ላይ ያረፈው ይበልጥ ነበር። ኢንጂነሯ ባርኔጣዋን አድርጋ ትእዛዝ ትሰጣለች። ሌሎቹ ስልክ እየተቀባበሉ ፎቶ ይነሳሉ፤ በአካፋ፣ ያለ አካፋ፣ እየሳቁ፣ እያዘኑ። ሽማግሌው ታዲያ አንድ ነገር ያደርጉ ነበር። እኔ ጡብ ባስቀመጥኩ ቁጥር በምላሳቸው “ጭ!” ይላሉ። አንድ ጡብ፣ “ጭ!”። ሌላ ጡብ፣ “ጭ! ጭ!”። ሁለቱ ግንበኞች ፊታቸውን ያዞራሉ።

ያን ዕለት ለቢሮ በላክሁት የቀን ሪፖርት “ተጠቃሚው በአካባቢው ባህል መሠረት ደስታቸውን በምላስ ድምፅ ሲገልጹ ውለዋል” ብዬ ጻፍኩ። ዳይሬክተራችን ልብ የሚነካ ነው ብላ መለሰችልኝ።

በማግስቱ ጠዋት ስንመጣ ግድግዳው አምሮበታል። ትናንት ሆዱ ወደ ውጭ ተነፍቶ የነበረው ቦታ ቀጥ ብሏል።

“ይገርማል” አለች ኢንጂነሯ። “ሲሚንቶ ሲደርቅ ራሱን ያስተካክላል ማለት ነው።”

“አዎ፣ ይሰበሰባል” አልኩ እኔ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

ሦስተኛውም ቀን ጠዋት ግድግዳው ራሱን አስተካክሎ ጠበቀን። ከዚያ በኋላ ተዝናናን። አጣመን ብንገነባም ሲደርቅ ይቃናል ብለን እጃችን ፈጠነ። እኔ ራሴ በአንድ ቀን ሠላሳ ጡብ ደረስኩ፤ ከሽማግሌው ወንበር በኩል የሚመጣው “ጭ!”ም እንደዚያው በዛ። ምን ያህል ቢወዱን ነው እያልን ተገረምን።

በአራተኛው ቀን ሆዴን አመመኝ። የሙዙ ብዛት ይመስለኛል። ጎህ ሲቀድ ተነስቼ በእግሬ ልንሸራሸር ብዬ ወደ ግንባታው ሄድኩ። ገና ሳልደርስ የጡብ ድምፅ ሰማሁ። ጠጋ ስል ሁለቱ ግንበኞች ትናንት እኛ የደረደርነውን እያፈረሱ ናቸው። በመሐላቸው፣ በተገለበጠ ባልዲ ላይ፣ ሽማግሌው ተቀምጠዋል። በአንድ እጃቸው ቱንቢ፣ ግድግዳ መቃናቱን የሚለኩበትን በክር የታሰረ ብረት፣ አንጠልጥለዋል። በሌላው ምርኩዛቸውን ይዘው የእኔን ጡቦች አንድ በአንድ እየጠቆሙ በቋንቋቸው ይናገራሉ። ቋንቋቸውን ባላውቅም ስድብ መሆኑን ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

አዩኝ። ሦስቱም ደረቁ። እኔም ደረቅሁ።

ሽማግሌው እንግሊዝኛ ይችሉ ነበር። እስከዚያ ቀን ያናገራቸው ሰው ስላልነበረ አላወቅንም። “ልጄ፣ ይቅርታ አድርግልኝ” አሉኝ ዝግ ብለው። “እናንተ ትሄዳላችሁ። እኔና ሚስቴ ግን እዚህ ግድግዳ ሥር ነው የምንተኛው።”

“ግንበኛ ነዎት?” አልኳቸው።

“ሠላሳ ዓመት። ዋና ከተማው ውስጥ ፎቅ ሠርቻለሁ። ከፎቅ ላይ ወድቄ ነው እንዲህ የሆንኩት።”

“ታዲያ ለምን አልነገሩንም?”

“ማን ጠየቀኝ?” ቱንቢውን ጠቅለል አደረጉት። “ያ ፋይል የታቀፈው ልጅ ቅጽ ሲሞላልኝ ‘ሥራ’ የሚል ቦታ ነበረው። ግንበኛ ነኝ አልኩት። አሁን ትሠራለህ ወይ አለኝ። እግሬን አሳየሁት። ‘ሥራ የለውም’ ብሎ ጻፈ።”

እንዲህ ዓይነቱን ቅጽ በደንብ አውቀዋለሁ። ሦስቱን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። “ምን ያውቃሉ?” የሚል መጠይቅ አንዳቸው ላይም የለም። “ምን የለዎትም?” የሚለው ግን ሁለት ገጽ ይወስዳል።

ነገሩ ሊደበቅ አልቻለም፤ አስተባባሪው ያን ቀን ማልዶ መጥቶ የፈረሰውን ግድግዳ አየ። ሁላችንም ማንጎው ሥር ተሰበሰብን። የቡድናችን ሰዎች ክፉኛ ተከፉ። አንዱ “ከልባችን የሠራነውን!” እያለ ዓይኑ እንባ አቀረረ። አስተባባሪውን ያስጨነቀው ሌላ ነው። “ተጠቃሚው ሲሠሩ ከታዩ ችግረኛ አይመስሉም” ይላል። “ሪፖርቱን ምን እናደርገዋለን?” ወደ አዲስ አበባ ተደወለ። ዳይሬክተራችን ነገሩን በጥሞና ሰማችና ግድግዳው ከመፍረሱ በፊት ፎቶ ተነስቶ እንደሆነ ጠየቀች። ተነስቷል አልናት። በጣም ተረጋጋች።

ነገሩን የቆረጠችው ኢንጂነሯ ናት። ነጩን ባርኔጣዋን አወለቀች። “እኔ እንግዲህ የሰው ደም በእጄ አልፈልግም” አለች። “ግድግዳው ራሱን ያስተካክላል ያልኩት እኔ ነኝ፤ እንዴት እንደማፍር አታውቁም። ሴትየዋ ላይ ቢወድቅስ? በቃ፣ ሰውየው ያሠሩን።” ከዚያ ሄዳ ባርኔጣዋን በሁለት እጇ ለሽማግሌው ሰጠቻቸው። ተቀብለው አገላብጠው አዩት፣ አደረጉት፣ ልካቸው ሆነ።

የፕላስቲኩ ወንበር ከማንጎው ጥላ ተነስቶ በግድግዳዎቹ መካከል ገባ። በዚያች ሰዓት እኛ በጎ ፈቃደኞች መሆናችን ቀርቶ የቀን ሠራተኞች ሆንን፤ ሥራውም የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። ሽማግሌው እያንዳንዳችንን አስጠርተው እጃችንን አዩ። ስድስቱን ውሃ እንዲቀዱና አሸዋ እንዲነፉ ላኩ። እኔንና ኢንጂነሯን አስቀሩን።

“እጅህ ለስላሳ ነው” አሉኝ። “ጥሩ ነው። የተበላሸ ልማድ የለበትም። ምንም ልማድ የለበትም።”

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት በሕይወቴ በጣም የተሰደብኩባቸው ናቸው፤ በጣም ደስ ያለኝም ያኔ ነው። ሲባጎ መወጠር፣ ጡብ ማርጠብ፣ ሲሚንቶውን ሳያበዙ መዘርጋት፣ ቱንቢ ጥሎ በአንድ ዓይን ማየት። ስሳሳት ምርኩዛቸው አንጓዬን ቸብ ያደርገዋል። ኢንጂነሯን ከእኔ ቀድሞ ገባት። እሷ የምትገነባው ጥግ ላይ ሲደርሱ ዝም ይላሉ፤ የእሳቸው ምስጋና ዝምታ ነበር። እኔ ጋ ሲደርሱ ወሬያቸው አያልቅም።

አንድ ቀን ጡብ እያቀበልኳቸው “አገርህ ቤት የሚሠራ ሰው የለም?” አሉኝ።

“ሞልቷል።”

“ቤት የሌለውስ?”

“እሱም ሞልቷል።”

“እናትህ አለች?”

“አለች።”

“ቤቷ ምን ዓይነት ነው?”

“ጥሩ ነው” አልኩ። አዩኝ። ከእሳቸው ጋር አንድ ሳምንት የሠራ ሰው ጠማማ ጡብና ጠማማ መልስ እንደማያልፋቸው ያውቃል። “ማለቴ... ጣሪያው ትንሽ ያፈሳል።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ዩኒቨርሲቲ ሳልገባ።”

“ትምህርቱን ጨረስክ?”

“ከጨረስኩ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ።”

አንድ ሙሉ ረድፍ እስክጨርስ ዝም አሉ። ዝምታቸው ምስጋና ያልሆነው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የነብሩን ብርድ ልብስ ሳልሰጥ ሻንጣዬ ውስጥ ደብቄው ነበር፤ አፍሬ። በመጨረሻ ሚስታቸው ምሳ ይዘውልን ሲመጡ አውጥቼ ሰጠኋቸው። “እናቴ ናት የላከችው” ስላቸው ሴትየዋ ዘርግተው ነብሩን ትክ ብለው አዩት፣ ከዚያ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ጎረቤት ሮጡ። ለሦስት ቀን የሰፈሩ ሴት ሁሉ እየመጣ አየው። ስለ ግድግዳው ማንም ምንም አላለም።

ቤቱ የተመረቀ ቀን ዳይሬክተራችን ከአዲስ አበባ መጣች። ከካርቶን የተሠራ፣ የሰው ቁመት ያለው ቁልፍ ይዛ ነበር። በሩ ገና ስላልተገጠመ ሴትየዋ ብርድ ልብሱን መግቢያው ላይ ሰቅለውታል። ንግግር ያደረገው ሁሉ፣ የወረዳው ሹም ሳይቀር፣ ከነብር ፊት ቆሞ ነበር። ዳይሬክተራችን “ይህን ቤት ባልደረቦቼ ከመሠረቱ ጀምሮ በገዛ እጃቸው ሠሩት” አለች። ሁለቱ ግንበኞች ከሁሉ አስበልጠው አጨበጨቡ።

ሽማግሌው እንዲናገሩ ተጋበዙ። አስተባባሪው በወረቀት የጻፈላቸውን ምስጋና በእንግሊዝኛ አነበቡ፣ ወረቀቱን አጠፉ፣ ከዚያ ያልተጻፈ ጨመሩ። “እነዚህ ልጆች ጥሩ ልጆች ናቸው። ውሃ ይሸከማሉ። ሁለቱ ደግሞ ግድግዳ ጀማምረዋል።” ዳይሬክተራችን እንባዋን ጠረገች።

ስንለያይ ቱንቢያቸውን ለማስታወሻ እንዲሰጡኝ ጠየቅኳቸው። እንዲህ ዓይነት ነገር የሚያምር መስሎኝ ነበር።

“አገርህ ቱንቢ አይሸጥም?” አሉኝ።

“ይሸጣል።”

“ግዛ።”

ካዛንቺስ ስመለስ እናቴ ሻንጣዬን እንኳ ሳላስቀምጥ “ጨረሳችሁ?” አለችኝ።

“ጨረስን።”

“ቆሟል?”

“ቆሟል። ባለቤቱ ናቸው ያቆሙት።”

“እኔም ብዬ ነበር” አለች፤ ሌላ ማብራሪያ አልፈለገችም።

ቢሮ ውስጥ ዋናውን ሪፖርት እንድጽፍ ታዘዝኩ። አንዲት እውነት ላስገባ ብዬ “የተጠቃሚው የግንበኝነት ሙያ ዘግይቶ በመታወቁ ሥራው ተጓትቷል” ብዬ ጻፍኩ። ታርሞ ሲመለስልኝ “ተጠቃሚው በሂደቱ ንቁ ተሳትፎ አድርገዋል” ሆኗል። የምስክር ወረቀት ተሰጠን። እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ የእኔ ፎቶ በትልቁ ተሰቀለ፤ የመጀመሪያው ቀን ፎቶ ነው። ቢጫ ቲሸርት ለብሼ እስቃለሁ፣ ከኋላዬ ያለው ግድግዳ እንደ ሰካራም ዘሟል። ጠዋት ጠዋት የቢሯችን ሾፌር ሲያልፍ ቆም ይልና ራሱን ዘንበል አድርጎ ያየዋል፤ ግድግዳውን ለማቃናት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቱንቢና ሲባጎ ገዛሁ። ማመልከቻውን ጻፍኩ፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ፈጀብኝ። ፈቃዱ ሲመጣ ኢንጂነሯንና ሾፌሩን ጠርቼ ጣሪያውን ከፍተን ቆርቆሮውን ቀየርን፣ ያዘነበለውን የጓዳ ግድግዳም አፍርሰን እንደገና አቆምን። እውነቱን ለመናገር ጣሪያውን የሠራው ሾፌሩ ነው። እኔ ሲባጎ ያዝኩ። እናቴ ደጅ ቆማ ለአላፊ አግዳሚው “ልጄ ነው፤ ዩጋንዳ የተማረ ነው” እያለች ታወራ ነበር። በዚያ ቀን ያላሰብኩት ነገር መጣብኝ፤ ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ እየመጡ “የእኛንስ?” አሉ። ለገሃር ባቡር ጣቢያ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን የማድ ቤታቸውን ግድግዳ አሳዩኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ መሥራት ጀመርን። ሰው እየበዛ ሄደ፤ ሴቶቹ ምሳ ያዋጣሉ፣ ወንዶቹ አሸዋ ይነፋሉ፣ እኔ በምርኩዝ ፋንታ አፌን እጠቀማለሁ።

አምስት ቤት ጠገንን። ስድስተኛውን ለመጀመር አሸዋ ባወረድንበት ሳምንት ሰፈሩ ለልማት እንደሚነሳ ተነገረን።

ሰው ሁሉ አዝኖ ነበር፤ ቢሆንም አዲስ በለሰንነው ግድግዳ ላይ ተደግፈው ሲስቁብኝ አስታውሳለሁ። ጡረተኛው “አንተ ልጅ፣ እጅህ ገድ የለውም፤ የነካኸው ሁሉ ይፈርሳል” አሉኝ። እናቴ አልሳቀችም። ሌሊቱን በደረቅ ጣሪያ ሥር ተኝታ መነሳቱን ገና እየለመደችው ነበር። “በዚያ ሁሉ ዓመት ብትሠራው ኖሮ” አለችኝ አንድ ቀን፣ በርጋታ፣ ሳትቆጣ። “ቢያንስ ጠግቤ እተኛበት ነበር።” እስከ ዛሬ ከተነገረኝ ሁሉ የከበደኝ ይሄ ነው።

ማፍረስ ከመገንባት ይልቅ ፈጥኖ ያልቃል። አዲሱን ቆርቆሮ ሚስማሩን እየነቀልን ሳናጣምም አወረድነው። ጡረተኛው በራቸውን ከነመቃኑ ነቅለው ተሸከሙት፤ የት እንደሚገጥሙት ግን አያውቁም ነበር። ግማሹ ጎረቤት አንድ ዳር፣ ግማሹ ሌላ ዳር ደረሰው። እኛ ከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ደረሰን። ሾፌሩ አይሱዙ አፈላልጎ አመጣልን። እናቴ ጋቢና አልገባም ብላ ከኋላ፣ ከዕቃዋ ጋር፣ ቁምሳጥኑን ተደግፋ ተቀመጠች። ኡራኤል ስንደርስ ብቻ ብድግ ብላ ተሳለመች።

አዲሱ ሰፈር ስንደርስ እዚያ የሚያውቀን አንድም ሰው አልነበረም። መኪናው ገና ሳይቆም ግን ከየደረጃው ሰው መውረድ ጀመረ። ማንም ቲሸርት አልለበሰም፣ ማንም አልተመዘገበም። ሁለት ጎረምሶች ቁምሳጥኑን አነሱት። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ተይ ብትባልም ድስቶቹን ይዛ ቀደመች። አንዱ የእናቴን ሻንጣ ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ “ስንተኛ ፎቅ ነው እናቴ?” እያለ ይወጣል።

እኔ እጅጌዬን ሰብስቤ የአልጋውን ራስጌ ለመያዝ ጎንበስ አልኩ። በሻርፕ ወገቧን ያሰረች፣ ሁሉንም የምታዝ የምትመስል ሴትዮ ክንዴን ያዝ አደረገችኝና ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

“ተው ወንድሜ፣ አንተ የቢሮ ሰው ትመስላለህ” አለች። “ትራሱን ያዝ።”

ትራሱን ይዤ ሦስት ፎቅ ወጣሁ።